የዘገየ ምርቃት



በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንደኛው በዕድሜ ከገፉ አንድ አባት የተላከ ነው። ስማቸውንና የሚኖሩበትን አገር እንዳንገልጽ አደራ ስላሉን አንገልጽም። ነገሩ ግን በብዙ ቤት የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ለሌሎችም ይጠቅማል በማለት በፈቃዳቸው ልናወሳው ወደድን።

የበኵር ልጃቸው ከስድስት ዓመት በፊት ምክራቸውን ሳይቀበል፥ ለእርሻ ያወረሱትን ሁለት በሬዎች ሸጦ፥ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ተነሣ። በሚሄድበት ጧት፥ እንደ አገራችን ልማድ ጉልበታቸውን ስሞ ምርቃት ለመቀበል በደጃፍ ቢንበረከክ፥ እርሳቸው በቍጣ ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ። ልጁም ጥቂት ከጠበቀ በኋላ የበሩን መቃን ስሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ ስልክ ይደውላል፤ እርሳቸው ግን ስልኩን ለእናቱ ያቀብላሉ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አነጋግረውት አያውቁም። ዘንድሮ ሕመም ጸናባቸው። ልጁም በሄደበት አገር ሥራው እንዳልተቃናለት ከእናቱ ሰሙ። እነሆ አሁን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸው የዚያ ጧት ነገር ሆኗል።

አባታችን የሚጠይቁን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ በዚያ ጧት የነፈጉት ቃል በልጃቸው ላይ ርግማን ሆኖበት እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፥ በጊዜው ያልተሰጠ ምርቃት ዘግይቶ ሊሰጥ ይችል እንደ ሆነ፤ ሦስተኛ፥ እጃቸውን በልጁ ራስ ላይ ሳይጭኑ በስልክ ቢመርቁት ምርቃት ይባል እንደ ሆነ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከራሳችን አመንጭተን ለመመለስ አንደፍርም። ስለዚህ አስቀድመን ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ በረከት የሚያስተምሩንን እንመርምር፤ መልሱም ከዚያ ይገኛል።

በረከት ምንድን ነው?

በግእዝ ባረከ የሚለው ቃል በሁለት ወገን ይነገራል። እግዚአብሔር ሰውን ባረከ ሲባል ጸጋውን ሰጠው፥ መልካም ነገርን አበዛለት ማለት ነው፤ ሰው እግዚአብሔርን ባረከ ሲባል ግን አመሰገነ ማለት ነው። እንግዲህ በረከት ከላይ ጸጋ ሆኖ ይወርዳል፥ ከታች ምስጋና ሆኖ ይወጣል። ደግሞም ጉልበት በግእዝ ብርክ ይባላል፤ ተንበረከከ የምንለውም ከዚሁ ነው። በዕብራይስጥም እንዲሁ የጉልበትና የበረከት ቃላት በፊደል አንድ ናቸው። ስለዚህ በአባቱ ጉልበት ፊት ተንበርክኮ ምርቃት የሚለምን ልጅ የሚያደርገው ነገር ከቃሉ ጋር የተስማማ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው በረከት የተነገረው ለሰው አይደለም። ሐሙስ ዕለት ለተፈጠሩት ለባሕር ዓሦችና ለሰማይ ወፎች ነው። ቀጥሎ ዓርብ ዕለት ለተፈጠረው ለሰው፥ ከዚያም በኋላ ለሰንበት ተሰጠ (ዘፍ. 1 እና 2)። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ዓሦቹ ምን ሠርተው ተባረኩ? አዳምስ በተፈጠረባት በዚያች ዕለት ገና አንድ ፈር እንኳ ሳያወጣ ምን ደመወዝ ይገባው ነበር? በረከት የሥራ ዋጋ አይደለም፤ ከፈጣሪ ቸርነት የሚቀድም ስጦታ ነው። ሰው ከተባረከ በኋላ ይሠራል እንጂ ሠርቶ በረከትን በዋጋ አይገዛም።

ዳሩ ግን ሰው በደለ፥ ርግማንም ወደ ዓለም ገባ። ከአዳም እስከ አብርሃም ያለውን ታሪክ በዕብራይስጡ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ርግማን የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ያገኛል፤ በእባብ ላይ፥ ስለ አዳም በምድር ላይ፥ በቃየል ላይ፥ በላሜሕ አፍ ስለ ምድር፥ በመጨረሻም በከነዓን ላይ። ወደ ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 ሲደርስ ግን እግዚአብሔር አብርሃምን ከአገሩ ሲጠራው በሁለት ቍጥር ውስጥ በረከት የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ይሰማል። አምስቱን ርግማን አምስት በረከት ይመልስለታል። የዚያም በረከት ፍጻሜ አብርሃም ብቻውን እንዲጠግብ አልነበረም፤ የምድር ነገዶች ሁሉ በእርሱ እንዲባረኩ ነበር። እንግዲህ የተባረከ ሰው በረከት በእርሱ በኩል ወደ ሌላው የሚያልፍበት ሰው ነው፤ ለራሱ ብቻ የሚያከማች ግን የአብርሃምን ነገር አላወቀም።

ከዚህም በኋላ እግዚአብሔር በሙሴ በኩል አሮንና ልጆቹ ሕዝቡን የሚባርኩበትን ቃል አስተማረ (ዘኍ. 6)። ይህ ቃል በዕብራይስጥ 15 ቃላት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር 3፥ ሁለተኛው 5፥ ሦስተኛው 7 ቃላት አሉት፤ ከምንጭ ወጥቶ እየሰፋ እንደሚሄድ ወንዝ ያድጋል። መጠበቅን፥ የጌታን ፊት ብርሃንና ምሕረትን፥ በመጨረሻም ሰላምን ይለምናል። በሦስቱም መስመር የጌታ ስም ይጠራል፤ አበውም በዚህ የሥላሴን ምሥጢር አይተውበታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባን በስተ መጨረሻው የተነገረው ነው። ካህናቱ ስሙን በሕዝቡ ላይ ያኖራሉ፥ የሚባርከው ግን እግዚአብሔር ራሱ ነው። መራቂው በር ነው፤ በበሩ የሚገባው ሌላ ነው።

ይህ ቃል በቀድሞ ሰዎች ዘንድ ምን ያህል የተወደደ እንደ ነበረ በምድር ሥር የተገኘ ምስክር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አጠገብ ከሄኖም ሸለቆ በላይ በነበረ መቃብር ውስጥ የአርኬዎሎጂ ሊቅ ገብርኤል ባርካይ የሚመሩት ቡድን ሁለት የተጠቀለሉ ትንንሽ የብር ቅጠሎች አገኘ። ሲዘረጉ ትልቁ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር፥ ትንሹ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኑ። በላያቸውም ይኸው የካህናት በረከት ተቀርጾ ተገኘ። ሊቃውንት ከጌታ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ የተጻፉ መሆናቸውን ይገምታሉ፤ ከታወቁት ከሙት ባሕር ጥቅልሎች ይልቅ 400 ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ሰው ይዞት ወደ መቃብር ሊወርድ የወደደው ቃል በረከት ነበረ። በረከቱ ግን በብሩ ውስጥ አልነበረም፤ በተጠራው ስም ነበረ እንጂ።

በይስሐቅ ቤት የሆነው

አሁን ወደ ቤተ ሰብ እንግባ። በረከት ቤተ ሰብን ሲያናውጥ የምናየው በይስሐቅ ቤት ነው (ዘፍ. 27)። ይስሐቅ ሸመገለ፥ ዓይኑም ፈዘዘ፤ የምሞትበትን ቀን አላውቅም ብሎ ዔሳውን ሊመርቅ አሰበ። ርብቃ ሰማች፤ ያዕቆብም የወንድሙን ልብስ ለብሶ፥ በእጁና በአንገቱ የፍየል ጠቦት ቆዳ አድርጎ፥ በሐሰት ስም ገብቶ የበኵርን ምርቃት ወሰደ። ዔሳው ከአደን ተመልሶ ነገሩን ባወቀ ጊዜ ታላቅና መራራ ጩኸት ጮኸ፤ አባቱ ያለው ምርቃት አንድ ብቻ እንደ ሆነም እያለቀሰ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ይሰማል። ከወንድሙ ያነሰ የተወደደ የመሰለው ልጅ፥ በስሙ ፈንታ የወንድሙ ስም ሲመሰገን የሚሰማ ልጅ፥ በልቡ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ይስሐቅም ዔሳውን ዝም ብሎ አልሰደደውም። ከፊተኛው ያነሰ ቢሆንም ለእርሱም ቃል ሰጠው። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ይስሐቅ ስለሚመጣው ነገር ያዕቆብንና ዔሳውን ሁለቱን በእምነት እንደ ባረካቸው ይናገራል፤ ዔሳውን አልተወውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ያዕቆብ አባቱን አታሏል፤ አባቱም ይህን ዐውቋል። ይሁን እንጂ ያዕቆብ ከወንድሙ ቍጣ ሸሽቶ ወደ ሁለት ወንዞች መካከል ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፥ ይስሐቅ ራሱ ጠርቶ ባረከው፤ የአብርሃም በረከት ለእርሱና ለዘሩ እንዲሆን ለምኖለት ሰደደው (ዘፍ. 28)። የፊተኛው ምርቃት በስርቆት የተወሰደ ነበረ፤ ይህ ሁለተኛው ግን በዕውቀትና በፈቃድ የተሰጠ ነው። የተበደለው አባት በዳዩን ልጅ ያለ ምርቃት ከደጃፉ አላወጣውም።

ያዕቆብም የሰረቀው በረከት ሳያስከፍለው አልቀረም። በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ እርሱም በተራው ተታለለ። ሲመለስ በያቦቅ ወንዝ ዳር ሌሊቱን ሲታገል አድሮ፥ ካልባረከኝ አልለቅም ማለቱን እናነባለን። በዚያ ሌሊት ስሙን ተጠየቀ። ከ20 ዓመት በፊት በአባቱ ፊት ማንነቱን ሲጠየቅ ዔሳው ነኝ ብሎ ነበር፤ አሁን ግን ያዕቆብ ነኝ አለ። እውነተኛውን ስሙን ከተናገረ በኋላ ተባረከ፤ እያነከሰም ሄደ። በማግሥቱ ወንድሙን ባገኘው ጊዜ የመንጋውን እጅ መንሻ ሲያቀርብለት በረከቴን ተቀበለኝ የሚል ቃል ተናገረ። የወሰደውን በዚያው ስም መለሰ፤ ወንድማማቾቹም ተቃቅፈው ተላቀሱ። ይስሐቅም ዕድሜው 180 ዓመት ሲሞላ ዐረፈ፤ የቀበሩትም ሁለቱ ልጆቹ ዔሳውና ያዕቆብ አብረው ሆነው ነው (ዘፍ. 35)። ምርቃት የለያያቸውን ልጆች እርቅ በአንድ መቃብር አጠገብ አቆማቸው።

የዘገየው ምርቃት

የያዕቆብ ልጅ የዮሴፍም ነገር ለደብዳቤው ጸሐፊ እጅግ ይቀርባል። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ወንድሞቹን ለመጠየቅ ተልኮ ከአባቱ ቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። አባቱ ሞቷል ብሎ አለቀሰለት፤ ልጁ ግን በባዕድ አገር በሰው ቤት አገልጋይ ነበረ። መጽሐፍ እንደሚነግረን እግዚአብሔር በዮሴፍ ምክንያት የግብጻዊውን ቤት ባረከ (ዘፍ. 39)። ልብ አድርጉ፤ በረከቱ የታየው ባሪያ ሆኖ ባገለገለበት ቤት ነው፤ ከዚያም በኋላ ያገኘው ወኅኒ ነበረ። ዮሴፍ በወኅኒ ሳለ ተረግሞ ነበርን? አልነበረም፤ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ። ዛሬም ከአገራቸው ርቀው በሰው ቤት የሚያገለግሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን፥ ሥራቸው ቢከብድና ደመወዛቸው ቢያንስ፥ ስለዚህ ብቻ በረከት የሌላቸው አይደሉም፤ እንዲያውም የሚያገለግሉት ቤት በእነርሱ ምክንያት ይባረክ ይሆናል።

ዮሴፍ ለፈርዖን በቆመ ጊዜ 30 ዓመቱ ነበረ። ሰባቱ የጥጋብ ዓመትና ሁለት የረኃብ ዓመት አልፎ አባቱን አገኘው፤ ያዕቆብም በግብጽ 17 ዓመት ኖሮ በ147 ዓመቱ ሊሞት ሲል ልጆቹን አቀረበለት። ዮሴፍ ከቤት ከወጣ 39 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። በዚያን ጊዜ ያዕቆብ በአልጋው ላይ ተቀምጦ ዮሴፍን ባረከው፤ የልጅ ልጆቹንም ምናሴንና ኤፍሬምን ወደ ጉልበቱ አቅርቦ ሳማቸው፥ እጆቹንም አመሳቅሎ ቀኙን በታናሹ በኤፍሬም ራስ፥ ግራውን በበኵሩ በምናሴ ራስ ላይ አኖረ (ዘፍ. 48)። አበው ይህን የእጅ መመሳቀል የመስቀል ምሳሌ ነው ብለው ያስተምራሉ። ዮሴፍ እጁን ሊያስተካክልለት ቢወድ ሽማግሌው ዐውቃለሁ ልጄ ብሎ ከለከለው። በወጣትነቱ በሐሰት የታናሽነትን ነገር ያለፈው ሰው፥ በሽምግልናው ዓይኑ ቢፈዝም ልቡ በርቶ፥ ሁለቱንም ባረከ፤ ከሁለቱ አንዱንም አላስቀረም።

እንግዲህ 39 ዓመት የዘገየ ምርቃት በመጽሐፍ አለልን። ዘግይቶ ቢመጣም አላነሰም፤ የእስራኤል ነገዶች ከእርሱ ወጥተዋል።

ብፁዕ የሚባለው ማን ነው?

አሁን በዘመናችን ስለሚነገር አንድ ስሕተት ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። በረከትን በገንዘብ፥ በመኪናና በቤት ብቻ የሚመዝን ትምህርት በየስፍራው ይሰማል። በዚህ ሚዛን ባለጠጋ የተባረከ፥ ድኃ የተረገመ ይሆናል፤ ልጅ ያልወለደች ሴት፥ የታመመ ሰው፥ ሥራ ያጣ ወጣት በረከት እንደ ጎደለው ተቈጥሮ በዘመድ መካከል አንገቱን ይደፋል። የዚህም ትምህርት ሰዎች ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28ን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፥ በዚያ የእርሻና የከብት፥ የማኅፀንና የጎተራ በረከት ተጽፏል። ነገር ግን ያ ቃል ለሕዝብ ሁሉ የተነገረ የቃል ኪዳን ቃል ነው እንጂ፥ የጎረቤትን ጎተራ አይቶ ነፍሱን ለመመዘኛ የተሰጠ አይደለም።

ኢዮብ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች፥ 7,000 በጎች፥ 3,000 ግመሎች ነበሩት። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ጠፋ። በዚያን ቀን ኢዮብ በምድር ተደፍቶ ሰገደ፥ የእግዚአብሔርንም ስም ባረከ። በእጁ አንዳች ሳይኖር መባረክ የቻለ ሰው፥ በረከቱ በመንጋው ውስጥ እንዳልነበረ አስመስክሯል። ኤልሳቤጥም እስከ እርጅናዋ መካን ነበረች፤ ሆኖም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ እንደ ነበረች ወንጌላዊው ይመሰክርላታል፤ እመቤታችንን ከሴቶች መካከል የተባረክሽ ነሽ ብላ ለመቀበልም የተመረጠችው እርሷ ናት።

ጌታችንም በተራራው ላይ ባስተማረው ትምህርት፥ አንቀጸ ብፁዓን በምንለው፥ ዘጠኝ ጊዜ ብፁዓን ብሎ ጠራ (ማቴ. 5)። የጠራቸውን ተመልከቱ። በመንፈስ ድሆች የሆኑትን፥ የሚያዝኑትን፥ የዋሆችን፥ ጽድቅን የሚራቡትንና የሚጠሙትን፥ የሚምሩትን፥ ልበ ንጹሖችን፥ የሚያስታርቁትን፥ ስለ ጽድቅ የሚሰደዱትን፥ ስለ እርሱ የሚነቀፉትን ነው። ዓለም ጎደላቸው የሚላቸውን እርሱ ብፁዓን ይላቸዋል። ሀብት ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ አብርሃምም ባለጠጋ ነበረ። ሀብት ለሌላው ሲያልፍ በረከት ይሆናል፤ ሲታሰር ግን በረከትነቱ ይቀራል ማለታችን ነው።

የመድኃኒታችን እጆች

የበረከት ነገር ሁሉ ፍጻሜውን የሚያገኘው በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 3፥ ክርስቶስ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ስለ እኛ የርግማንን ቦታ እንደ ያዘ፥ ይህም የአብርሃም በረከት ወደ አሕዛብ እንዲደርስ መሆኑን ያስረዳል። እኛ ከአብርሃም በሥጋ ያልተወለድን ሕዝቦች የአብርሃምን በረከት የምንካፈለው በዚህ በር ነው። ካህኑ የሚባርከን በመስቀል መሆኑም ስለዚህ ነው። ርግማን የተሸነፈበት ዕንጨት የበረከት ምልክት ሆኖልናል።

ጌታችን በምድር ሳለ ሕፃናትን አቀፋቸው፥ እጁንም ጭኖ ባረካቸው፤ ደቀ መዛሙርቱ ሊከለክሏቸው በወደዱ ጊዜም ተቈጣ (ማር. 10)። በመጨረሻም እስከ ቢታንያ አውጥቷቸው እጆቹን አንሥቶ ባረካቸው፥ እየባረካቸውም ወደ ሰማይ ዐረገ (ሉቃ. 24)። የእርሱ የመጨረሻ የሚታይ ሥራ በረከት ነበረ። ወንጌላዊው እጆቹን ዝቅ እንዳደረገ አልጻፈም። በእነዚያ እጆች ላይ የችንካሩ ምልክት ነበረ፤ የባረካቸውም ሰዎች ከጥቂት ቀን በፊት ትተውት የሸሹት፥ አንዱም ሦስት ጊዜ የካደው ነበሩ። እርሱ ግን በዚያች ሌሊት የነበሩበትን አላነሣባቸውም።

ለአባታችን የምንሰጠው መልስ

አባታችን ሆይ፥ አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለሳለን።

ስለ መጀመሪያው፤ እርስዎ ልጅዎን ዝም አሉት እንጂ አልረገሙትም። ረግመውት ቢሆን እንኳ፥ ምክንያት የሌለው ርግማን እንደ ወፍ ይበራል እንጂ እንደማያርፍ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ተጽፏል። ባላቅ በለዓምን እስራኤልን እንዲረግምለት በሦስት ስፍራ አቆመው፤ ከአፉ የወጣው ግን በረከት ሆነ። እግዚአብሔር የሰውን ቍጣ ለመፈጸም እጁን አያበድርም። ስለዚህ የልጅዎ ሥራ አለመቃናት የእርስዎ ዝምታ ቅጣት ነው ብለው ራስዎን አያሠቃዩ። ይሁን እንጂ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 የአባት ምርቃት የልጆችን ቤት እንደሚያጸና፥ የእናት ርግማን መሠረትን እንደሚነቅል ያስጠነቅቃል። ይህ የተነገረው ወላጆች የያዙት ቃል ክቡር መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ዝምታዎ ርግማን ባይሆንም ሸክም ነው፤ ስድስት ዓመት የተሸከሙትም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እርስዎ ነዎት።

ስለ ሁለተኛው፤ የይስሐቅንና የያዕቆብን ነገር ከላይ አውስተናል። ምርቃት ዘግይቶም ይሰጣል። ነገር ግን በረከት ጊዜ አያልፍበትም ሲባል ሰው ጊዜ አያልፍበትም ማለት አይደለም። እኛ ሁላችን የምንሞትበትን ቀን አናውቅም፤ እርስዎም በሕመም ላይ ነዎት። እስከ ዓመት በዓሉ አይጠብቁ።

ስለ ሦስተኛው፤ እጅን በራስ ላይ መጫን መልካምና ጥንታዊ ሥርዐት ነው። ቢሆንም የመቶ አለቃው ብላቴና የተፈወሰው ጌታ ወደ ቤቱ ሳይገባ በቃሉ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ ባሕርና የብስ ለለያቸው ምእመናን ጸጋና ሰላም እንዲሆንላቸው በደብዳቤ ባርኳቸዋል። የሚባርከው እግዚአብሔር ከሆነ፥ ለእርሱ በእርስዎ አልጋና በልጅዎ ማደሪያ መካከል ርቀት የለም። የካህን ቡራኬና የምሥጢራት ነገር ሌላ ነው፤ በዚያ ካህኑን መተካት አይቻልም። የአባት ምርቃት ግን ጸሎት ነው፤ ጸሎትም በስልክ ይሰማል። የነፍስ አባትዎን ጠርተው ነገሩን ቢነግሯቸውና ከአጠገብዎ ሆነው ቢጸልዩ ይበልጥ መልካም ነው።

ከመመረቅዎ በፊት ግን አንድ ነገር እንለምንዎታለን። መባህን ከማቅረብህ በፊት ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው የጌታ ትእዛዝ በአባትና በልጅ መካከልም ይሠራል። ልጅዎ በበሬዎቹ ነገር ካጠፋ ይቅር ይበሉት፤ ስለ ስድስቱ ዓመት ዝምታ ደግሞ እርስዎ ይቅርታ ይጠይቁት። አባት ልጁን ይቅር በለኝ ቢል ክብሩ አይጎድልም። ሐዋርያው ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ፥ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ወዲያው አዟልና (ኤፌ. 6)። ሥራው ይቃናለት ዘንድ ለምኑለት፤ ይሁንና ነገ ደመወዙ ካልጨመረ ምርቃቴ አልሠራም አይበሉ። የምርቃት ፍሬ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን በባዕድ አገር ሌሊት እንቅልፍ ማግኘት ነው።

ለቤተ ሰብ ሁሉ

ለሌሎቻችሁም ወላጆች ሆይ፥ ከዚህ ነገር የምናስታውሳችሁ ጥቂት ነው።

አንደኛ፥ ማንም ልጅ ከደጃፋችሁ ያለ ምርቃት አይውጣ። የርብቃ ዘመዶች ወደማያውቁት አገር ሲሰዷት መርቀው ሰደዷት፤ ኑኃሚንም ባዶ እጇን ሳለች የምትሰጠው ሌላ ነገር ባይኖራት ምራቶቿን ሩትንና ዖርፋን መረቀቻቸው። በመንገዱ ባትስማሙም እንኳ ስለ ተጓዡ መጸለይ ይቻላል፤ መመረቅ ማጽደቅ አይደለምና።

ሁለተኛ፥ ልጆቻችሁን በምርቃት አታበላልጡ። ያዕቆብ ዐሥራ ሁለቱን ልጆቹን እንደየበረከታቸው ለየብቻ ባረካቸው። እናንተም የእያንዳንዱን ስም ጠርታችሁ ለሚያስፈልገው ነገር ለምኑለት።

ሦስተኛ፥ ርግማንን ከቤታችሁ አውጡ። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ከአንድ አፍ በረከትና ርግማን ሊወጣ እንደማይገባ ያስተምራል። በጧት እግዚአብሔርን ያመሰገነ አፍ፥ ወተት ስለ ደፋ ሕፃን ማታ አይራገም።

ልጆችም ሆይ፥ ወላጆቻችሁን ምርቃት ለምኑ። ሩቅ አገር ያላችሁ፥ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ፥ በዐረብ አገርም ሆነ በሌላ ስፍራ፥ ስትደውሉ የገንዘቡን ነገር ብቻ ተነጋግራችሁ አትዝጉ፤ አባዬ መርቀኝ፥ እማዬ መርቂኝ በሉ። ወላጅ አባት ወይም እናት የሌላችሁ፥ ወይም ምርቃት ሳትቀበሉ ያረፉባችሁ፥ አትዘኑ። ከላይ የጠቀስናቸው እጆች እስከ ዛሬ አልወረዱም፤ በቅዳሴው መጨረሻ ዲያቆኑ በሰላም ግቡ እስኪል ቆይታችሁ ተባርካችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል። ታማሚ ሰው መጽሔቱ እስኪታተም ሊጠብቅ ስለማይገባው፥ ይህን መልስ አስቀድመን በደብዳቤ ልከንላቸዋል። ስልኩን ስለማንሣታቸው እስካሁን አልሰማንም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ዛሬ ማታ በጸሎታችሁ አንድ ሽማግሌ አባትንና አንድ ስደተኛ ልጅን አስቡልን።

የአብርሃም፥ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የአባቶችን ልብ ወደ ልጆች፥ የልጆችንም ልብ ወደ አባቶች ይመልስ፤ ቤታችሁን ይባርክ፥ ርቀው ያሉትን ይጠብቅ። አሜን።